ሕዝብ የተቃወመው ፎቅ መጨረሻው ምን ይሆናል?

ጥያቄ፦ «ያደግሁት መሀል አዲስ አበባ ነው። በሰፈራችን ሆቴልና ቢሮ አጣምሮ የሚይዝ ከአርባ ፎቅ በላይ የሆነ ሕንፃ ሊሠራ እንደታሰበ ተነግሮ የሕንፃው ሥዕል ወጥቷል። ግማሹ ሰው ከተማችን ልታምር ነው ብሎ ይደሰታል፤ ግማሹ ሰፈራችን ሊጠፋ ነው ብሎ ያዝናል። እኔ ከሁለቱም የለሁበትም። ለመሆኑ በሌላው ዓለም ሰው በእንዲህ ዓይነት ሕንፃ ላይ ሲናገር የሚለወጥ ነገር አለ? ወይስ ሥዕሉ የሚወጣው ሁሉም ነገር ከተወሰነ በኋላ ነው?»

መልስ፦ ከጥያቄዎ መጨረሻ ልጀምር። አዎን፣ ሥዕሉ ለሕዝብ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ዋና ዋናው ነገር ካለቀ በኋላ ነው። የቦታው ጉዳይ መልክ ይዟል፤ ከአበዳሪው ጋር ንግግር ተደርጓል፤ ስለ ከፍታውም ከከተማው ፕላን ሰዎች ጋር መግባባት ተጀምሯል። ሥዕሉ ማብሠሪያ እንጂ መመካከሪያ አይደለም። ይህ ደግሞ የእኛ ብቻ ጠባይ እንዳይመስልዎ፤ ፓሪስም ለንደንም ያው ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው መናገር ከንቱ ነው» የሚል ሰው ግን የከተሞችን ታሪክ በግማሽ ነው ያነበበው። እኔ በከተማ ፕላን ሥራ ውስጥ ስኖር ደጋግሜ ያየሁት ነገር ይህ ነው፦ ቁጣ የቀሰቀሰው ሕንፃ ራሱ ብዙውን ጊዜ ይሠራል፤ ቁጣው የወለደው ሕግ ደግሞ ከእሱ በኋላ የሚመጣውን ይይዛል። ተቃዋሚው የታገለለትን ሳያገኝ ላልታሰበው ሌላ ሰው ያገኝለታል ማለት ነው።

በዋሽንግተን ዲሲ የሚኖሩ አንባቢዎች ከዱፖንት ሰርክል ጥቂት ራቅ ብሎ በኪው ጎዳና ላይ ያለውን «ዘ ካይሮ» የተባለ የመኖሪያ ሕንፃ ሳያዩት አይቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1894 ሲጠናቀቅ ባለ 12 ፎቅ፣ ቁመቱም 50 ሜትር ያህል ነበር። ለዛሬ ዓይን ምንም አይደለም፤ ለዚያ ዘመን ጎረቤቶቹ ግን የሚያስደነግጥ ነበር። አቤቱታቸው ውስጥ ጎልቶ የወጣው ስለ መልኩ አልነበረም፤ እሳት ቢነሣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች መሰላል ላይኛው ፎቅ ይደርሳል ወይ የሚል ነበር። ካይሮ አልፈረሰም፣ ዛሬም ሰው ይኖርበታል። ኮንግረሱ ግን በ1899 የሕንፃ ከፍታ ሕግ አወጣ፤ በ1910ም አሻሻለው። ሕጉ በደምሳሳው የሕንፃ ከፍታ ከፊቱ ካለው መንገድ ስፋት ከ20 ጫማ በላይ አይበልጥም፣ በንግድ ጎዳናም ቢሆን ከ130 ጫማ፣ ማለትም ከ40 ሜትር አያልፍም ይላል፤ በፔንሲልቬንያ ጎዳና ላይ ብቻ እስከ 160 ጫማ ይፈቅዳል። ብዙ ሰው ዲሲ ሰማይ ጠቀስ የሌላት ከካፒቶል፣ ከኮንግረሱ ሕንፃ፣ የሚበልጥ ሕንፃ ስለተከለከለ ነው ብሎ ያወራል። ሕጉ እንዲህ አይልም። የሁሉም መነሻ የመሰላል ቁመትና የአንድ አፓርታማ ጎረቤቶች ጩኸት ነው።

ይህ ሕግ ሌላ ገጽም አለው። ዲሲ የከለከለቻቸው ማማዎች ወንዙን ተሻግረው ቨርጂንያ ሮዝሊን ላይ በቀሉ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የፌዴራል መንግሥቱ በዚያ ሊሠሩ የታቀዱ ረጃጅም ሕንፃዎች የዋና ከተማዋን ገጽታ ያበላሻሉ ብሎ ፍርድ ቤት ድረስ ቢሄድም አልተሳካለትም። ክልከላ ፎቅን አያጠፋም፤ አድራሻውን ይለውጣል።

ለእርስዎ ጉዳይ ከሁሉ የሚቀርበው የፓሪስ ታሪክ ይመስለኛል። በ1973 መሀል ከተማው ላይ፣ አሮጌው የባቡር ጣቢያ ፈርሶ በተለቀቀው አካባቢ፣ 210 ሜትር የሚረዝም የሞንፓርናስ ማማ ተመረቀ። ፕሬዚዳንት ፖምፒዱ የዘመናዊነት ወዳጅ ነበሩና ደገፉት። ፓሪሳውያን ግን እስከ ዛሬ ይቀልዱበታል፤ ከተማዋን ለማየት ከሁሉ የሚሻለው ቦታ የማማው ጣሪያ ነው፣ ማማው የማይታየው ከዚያ ብቻ ነውና ይላሉ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1977፣ ከተማዋ አዲስ የሚሠራ ሕንፃ ከ37 ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነች። ረጃጅሞቹ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ላ ዴፋንስ ሄዱ።

ሠላሳ ዓመት አለፈ፤ ሰውም ረሳ። በ2008 በከተማዋ ደቡባዊ ጠርዝ፣ በፖርት ደ ቬርሳይ፣ 180 ሜትር የሚረዝም «ትሪያንግል» የተባለ የመስታወት ማማ ሐሳብ ቀረበ። ከንቲባው ዴላኖዬ ደገፉት፤ የከተማዋም ምክር ቤት በዳር ዳሩ ሠፈሮች የከፍታውን ገደብ ላላ አደረገው። የአካባቢው ነዋሪዎችና አረንጓዴዎቹ ፓርቲዎች ግን አለቀቁም። በኅዳር 2014 ምክር ቤቱ ድምፅ ሲሰጥ ፕሮጀክቱ ወደቀ። ነገሩ አበቃ የተባለው በዚያ ቢሆንም ባለቤቶቹ ከቢሮው ቦታ ቀንሰው ሆቴል ጨምረውበት በ2015 መልሰው አቀረቡትና አለፈ። ሥራው የተጀመረው በ2022 ነው። በተከታዩ ዓመት በ2023 ምክር ቤቱ 37 ሜትሩን ገደብ መልሶ አጸደቀ። ልብ ይበሉ፦ ትሪያንግል ይሠራል፣ ከእሱ በኋላ የሚመጣ ግን የለም። ታሪኩ ሞንፓርናስን ደገመ። ተቃውሞው ከአሥር ዓመት በላይ ያስገኘው ተጨባጭ ለውጥ በማማው ውስጥ ቢሮው መቀነሱና ሆቴል መግባቱ ነው። ትንሽ ነው ሊሉኝ ይችላሉ። እኔ ትንሽ አልለውም፤ ሆቴል ያለበት ሕንፃ ማታም እሑድም ሰው ይገባበታል፣ ቢሮ ብቻ የሆነ ማማ ግን ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ሠፈሩን ያጨልማል።

ሳን ፍራንሲስኮም የራሷ ታሪክ አላት፤ ባጭሩ ላንሣው። ትራንስአሜሪካ የተባለው ፒራሚድ መጀመሪያ የታቀደው ወደ 350 ሜትር ነበር፤ የከተማው ፕላን ሰዎች የባሕረ ሰላጤውን ዕይታ ያጋርዳል ብለው በመቃወማቸው ወደ 260 ሜትር ዝቅ ብሎ በ1972 ተጠናቀቀ። ሲጀመር ሰልፍ ተወጥቶበት ነበር። አሁን የከተማዋ መለያ ነው፤ ፖስት ካርድ ላይ የማይገኝበት ጊዜ የለም። ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው፦ «አስቀያሚ ነው» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉ ደካማው ነው። ዓይን ይለምዳል። በዚያው ከተማ የዘለቀው በ1986 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው፣ በዓመት ሊፈቀድ የሚችለውን የቢሮ ስፋት የሚገድበው ሕግ ነው። ገደቡ የሚለካው በስፋት እንጂ በውበት አይደለም።

ሕንፃው ራሱ የቆመበት አጋጣሚ የለም ወይ? አለ። ሴንት ፒተርስበርግ ላይ የሩሲያው የጋዝ ኩባንያ ጋዝፕሮም ከ400 ሜትር ያላነሰ ማማ ከታሪካዊው መሀል ከተማ ፊት ለፊት፣ ኦህታ በሚባል ቦታ ሊያቆም አቀደ። ለዓመታት ከተጮኸ በኋላ በ2010 መጨረሻ ተሰረዘና ከከተማዋ ዳር ወደ ላህታ ተዛወረ፤ እዚያም 462 ሜትር ሆኖ ቆመ። ይህ የሆነው ሕዝቡ ከሌላው ቦታ ሕዝብ ይልቅ ስለጮኸ አይደለም። ሁለት ነገሮች ስለነበሩት ነው፦ በኦህታ ላይ ቀድሞ የተጻፈ የከፍታ ገደብ ነበር፤ ከተማዋም በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ስለነበረች ከውጭ የሚጠይቅ አካል ነበር። ጩኸት የሚይዘው ነገር ካገኘ ይሠራል። አየር ላይ ከቀረ ግን ይበተናል።

አሁን ወደ እኛ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 209 ሜትር የሚረዝመው ዋና መሥሪያ ቤት በእኛ አቆጣጠር በየካቲት 2014 ሲመረቅ በአዲስ አበባ የተሰማው በአመዛኙ ኩራት ነበር። ይህን ስሜት የሚንቁ ባለሙያዎች አሉ፤ እኔ አልንቀውም። የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ የሆነች ከተማ የስብሰባ እንግዳ ታስተናግዳለች፣ ሆቴል ያስፈልጋታል፣ ባንኮቿም ከተበታተኑ የኪራይ ቢሮዎች ወደ ራሳቸው ቤት መግባታቸው ትርጉም አለው። ደጋፊውን ጎረቤትዎን «አላዋቂ» አይበሉት። ልጁ በዚያ ሆቴል ሥራ ያገኝ እንደሆነ እያሰበ ይሆናል።

ያዘነው ጎረቤትዎ ደግሞ ስለ ሜትር እየተናገረ አይመስለኝም። በፒያሳም ሆነ በካዛንቺስ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሰው ሲናገር የሰማሁት ስለ ፎቅ ርዝመት አልነበረም። ስለ እድር፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ ቅርበት፣ ልጆች በእግር ስለሚሄዱበት ትምህርት ቤት፣ በራፍ ላይ ስለምትሸጠው ሽንኩርትና ድንች ነው። እነዚህ ነገሮች በሕንፃ ፈቃድ ማመልከቻ ላይ የሚሞሉበት ቦታ የላቸውም። ስለዚህ ሰው ቦታ ያለውን ነገር ያነሣል፤ ከፍታውን፣ መስታወቱን፣ ጥላውን። ክርክሩ ሁሉ ከራስ በላይ ያለውን ሲያይ ዋናው ጉዳይ እግር ሥር ይቀራል።

ብራስልስ የሚታወስ ትምህርት አላት። እ.ኤ.አ. በ1967 በሰሜን ባቡር ጣቢያ አካባቢ «ማንሃታን» የተባለ ፕላን ጸደቀና በደርዘን የሚቆጠሩ ማማዎች ሊሠሩ ታሰበ። ከ10,000 የማያንሱ ነዋሪዎች ተነሡ። ከዚያ የቢሮ ገበያው ቀዘቀዘ። ጥቂት ማማዎች ቆመው የቀረው መሬት ለብዙ ዓመታት ባዶውን ኖረ። የሠፈሩ ሰዎች ሲነሡ የተሰጣቸው ምክንያት ልማት ነበር፤ ልማቱ ሲዘገይ ግን መልሶ የሚጠራቸው አልነበረም። እርስዎ ሥዕሉን የሚያወጣውን ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለብዎት ይህንን ነው፦ ገንዘቡ ከየት ነው? ሕንፃው በምዕራፍ ከሆነ የሚሠራው፣ ሁለተኛው ምዕራፍ ባይመጣ መሬቱ ምን ይሆናል?

በሕጋችን ላይ ጥቂት ልበል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላን ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ እንዲወያይበት ያዝዛል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የግምገማው ሰነድ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ደንግጓል። ለሕዝብ ጥቅም መሬት ስለሚለቀቅበት ሁኔታ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ መልሶ በሚለማ አካባቢ ያሉ ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት በግል ወይም በጋራ ለማልማት ቅድሚያ እንዳላቸው ይናገራል። ይህ የመጨረሻው ትልቅ ነገር ነው፣ ጎረቤቶች ተደራጅተው ቢቀርቡበት። ክፍተቱም እዚያው ነው፦ ቅድሚያው የባለይዞታ ነው፤ መሀል ከተማችን ደግሞ አብዛኛው ሰው የቀበሌ ቤት ተከራይ ነው።

እነዚህ ሁሉ በር የሚከፍቱት መጀመሪያ ላይ ነው። የከፍታው ጣሪያ የሚቆረጠው በመላው ከተማው መዋቅራዊ ፕላንና በሠፈሩ የአካባቢ ልማት ፕላን ላይ ነው፤ ስለ እሱ ስብሰባ ሲጠራ ግን አዳራሹ ባዶ ነው። ቆርቆሮው ከታጠረ በኋላ መንጫጫት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ቴክኒካዊ ጉዳዮችን በተመለከተ የትኛው ተቃውሞ ጉልበት እንዳለው ልንገርዎ፤ እዚህ ላይ ሰዎች ከውጭ አገር የሚዋሱት ክርክር ብዙ ጊዜ አይሠራም።

ጥላ ከዚያ ዓይነት ነው። ፓሪስ ላይ በታኅሣሥ እኩለ ቀን 209 ሜትር የሚረዝም ሕንፃ 650 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ያው ሕንፃ በዚያው ወር በእኩለ ቀን የሚጥለው 130 ሜትር ያህል ነው፤ በሰኔ ደግሞ ጥላው ወደ ደቡብ ዞሮ 55 ሜትር እንኳ አይሞላም። ጠዋትና ማታ ይረዝማል፣ ግን በፍጥነት ይዞራል። በጥላ ምክንያት ብቻ የሚቃወም ሰው ባለሙያ ፊት ይሸነፋል።

መስታወት ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ለንደን ውስጥ ፌንቸርች ጎዳና ላይ ያለ ወደ ውስጥ የጎበጠ የመስታወት ማማ የፀሐይ ብርሃንን ሰብስቦ መንገድ ዳር የቆመ መኪና አካል አቅልጧል፤ በኋላ የፀሐይ መከላከያ ተገጠመለት። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ በምትገኝ፣ ፀሐይዋ በምትበረታ ከተማ ከታች እስከ ላይ መስታወት ማልበስ ለእኔ እንቆቅልሽ ነው። ውጪው ቀዝቃዛ ሆኖ ውስጡ ይግላል፣ ከዚያ ማቀዝቀዣ ይገዛለታል፣ ከዚያ ጄኔሬተር ይነሣል፣ የጄኔሬተሩ ጭስ ደግሞ ለጎረቤት ነው። ከመስታወቱ ፊት ለፊት ያለ ሰው ነጸብራቁ በየትኛው ሰዓት የት እንደሚያርፍ ጥናት ይታይ ብሎ መጠየቅ ይችላል። በስሌት የሚገኝ ነገር ነው።

የመሬት መንቀጥቀጥ ደግሞ አለ። በእኛ አቆጣጠር በ2017 በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ የተከታተለው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ የላይኛው ፎቅ ነዋሪዎች በብርድ ልብስ እየሮጡ ወርደዋል። ከሩቅ የሚመጣ ነውጥ ፈጣኑ ርግብግቢት መንገድ ላይ ይደክማል፤ የሚደርሰው ዘገምተኛው ሞገድ ነው፣ እሱ ደግሞ ረጅም ሕንፃን ከአጭር ይልቅ ያወዛውዛል። ስለዚህ ፎቁ መወዛወዙ ብቻውን የደካማነት ምልክት አይደለም። መጠየቅ ያለበት የንድፉ ስሌት በገለልተኛ መሐንዲስ ተመርምሯል ወይ የሚለው ነው። ስለ እሳትም እንዲሁ። የዲሲ ሰዎች በ1894 ያነሡት ጥያቄ አሁንም ትክክል ነው፤ ከአርባኛ ፎቅ ሰውን በመሰላል የሚያወርድ ማንም የለም። ደህንነቱ ያለው በሕንፃው ውስጥ ነው፤ ጭስ በማይገባበት ደረጃ፣ ራሱ በሚረጭ ውኃ፣ በመጠለያ ፎቆች። እነዚህ በፈቃዱ ላይ አሉ ወይ?

ከሁሉ ይልቅ ግን እኔን የሚያሳስበኝ ውኃና ጉድጓድ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ብዙ መቶ አልጋ ያለው ሆቴል ሲገባ ከከተማው መስመር ነው የሚስበው ወይስ የራሱን ጉድጓድ ይቆፍራል? ፍሳሹስ? የከተማው የፍሳሽ መስመር እዚያ ደርሷል ወይስ በየቀኑ መኪና ሊመጥ ይመጣል? አራት አምስት ምድር ቤት የሚቆፈርበት ቦታ ደግሞ አጠገቡ ያሉት የጭቃ ቤቶች ከሆኑ፣ አደጋው የሚመጣው ፎቁ ከቆመ በኋላ ሳይሆን ገና አንድ ድንጋይ ሳይነባበር በመጀመሪያው ክረምት ነው። አሠሪው የጎረቤትን ንብረት የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ግዴታውን የሚያስታውሰው ግን ብዙ ጊዜ ግድግዳው ከተሰነጠቀ በኋላ ነው።

እንግዲህ ለእርስዎ የምመክረው «እደግፋለሁ» ወይም «እቃወማለሁ» የሚል ፊርማ ማሰባሰብን አይደለም። ሁለቱም ፋይል ውስጥ ገብተው ይቀራሉ። የውኃውን ምንጭ፣ የፍሳሹን መውጫ፣ የመኪና መግቢያውን ቦታ፣ የምድር ወለሉን አገልግሎትና የተነሺዎቹን ማረፊያ ለይታችሁ፣ ጎረቤት ሆናችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ደብዳቤው ገቢ ተደርጎ ቁጥር ይውጣለት። ምድር ወለሉ ለመንገዱ ክፍት ሱቅ ይሁን ወይስ ጥበቃ የቆመበት የእብነ በረድ አዳራሽ የሚለው ጥያቄ ለሠፈሩ ኑሮ ከአርባኛው ፎቅ ይልቅ ይከብዳል፤ ለባለሀብቱም ለመቀየር የሚቀለው እሱ ነው።

ቤትዎ ከቦታው አጥር ሃያ ሠላሳ ሜትር ውስጥ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ የግድግዳዎን፣ የወለልዎንና የአጥርዎን ፎቶ ከነቀኑ ያንሡ፤ ያለውን ስንጥቅ በማስመሪያ ለክተው ይጻፉ፤ ከተቻለ የወረዳው ባለሙያ አይቶ ይፈርምበት። ቁፋሮው ከተጀመረ በኋላ የሚነሣ ፎቶ ስንጥቁ ቀድሞ የነበረ ነው ለሚል ተከራካሪ መልስ አይሆንም።